ለብሶ ነበር፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክ ከመቅደላ እስከ ኩታበር

ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በትምህርት ቤቶቿ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የእንግሊዝኛ ጊዜያት የሚማሩት በቀመር ነው። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ ባለቤቱ ይጻፋል፤ ቀጥሎ «ዋዝ» ወይም «ወር»፤ ቀጥሎ ግሡ፤ ከግሡ መጨረሻ «አይኤንጂ»። መምህሩ «ፓስት ኮንቲኒየስ» ብሎ ርእስ ይሰጠዋል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ «ባለፈ ጊዜ ሲካሄድ የነበረ ድርጊት» ብሎ ይጽፋል። መራመድ፣ መጻፍ፣ መዝፈን፣ ውኃ መቅዳት ሁሉም በዚህ ቀመር ያምራሉ። ከዚያ «ዌር» የሚባለው ግሥ ይመጣና ቀመሩ ተማሪውን ይከዳዋል።

«ሺ ዋዝ ዌሪንግ ኤ ኋይት ድሬስ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልስ ቢባል፣ ቀመሩን ያመነ ልጅ «ነጭ ቀሚስ እየለበሰች ነበር» ይላል። ይህን ስንሰማ የምናየው አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ አስገብታ ሌላው ገና የቀራትን ሴት ነው። እንግሊዝኛው ግን የሚናገረው ለብሳ ጨርሳ ሰው መካከል ስለቆመች ሴት ነው፤ አማርኛ ለዚህ ያለው አነጋገር «ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር» ነው። ያው ልጅ በተራው «ለብሳ ነበር»ን ወደ እንግሊዝኛ መልስ ሲባል ደግሞ «ሃድ ዎርን» ብሎ ይጽፋል፤ እንዲህ ያለው «ነበር» የ«ፓስት ፐርፌክት» ነው ተብሎ ተምሯልና። ደንቡን ሁለት ጊዜ አክብሮ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

ይህን ስሕተት የተማሪው ስንፍና አድርገው የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው። እኔ የታሪክ ውጤት አድርጌ ነው የማየው። እንግሊዝኛ ወደ ወሎ በተለያየ ዘመን በተለያየ ሰው እጅ ገብቷል፤ በአንዱም ዘመን ግን ወሎዬው ራሱ ይዞት የነበረው ሰዋስው ተጠይቆ አያውቅም።

ይዞት የነበረው ሰዋስው ደግሞ ትንሽ አልነበረም። የበሽሎ ወንዝ ከኩታበር በስተምዕራብ ካለው አገር ይነሣል፤ ከበሽሎ ማዶ የቅኔ አገር የሆነው ዋድላ ደላንታ ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁሉ በፊት ግሥ ይወርዳል፤ አንዱን ግሥ በኃላፊ፣ በትንቢት፣ በዘንድ፣ በትእዛዝ እየለዋወጠ ያረባዋል፤ ከእነዚህ ሌላ ራሱን ችሎ ዐረፍተ ነገር የማያስር፣ በሌላ ግሥ ላይ የሚደገፍ «ቦዝ አንቀጽ» እንዳለ ይማራል። «ለቢሶ» የግእዙ ቦዝ ነው፤ «ለብሶ» የአማርኛው። መሪጌታው ፊት የተቀመጠ ልጅ «ለብሶ ነበር» ቦዝና ነባር አንቀጽ የተጋጠሙበት አነጋገር መሆኑን ያውቃል፤ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሳይሰማ።

በመስጊዱም በኩል እንዲሁ ነው። በወሎ የሼኾች መቀመጫዎች ደረሳው ከቁርኣን አልፎ ወደ ዐረብኛው ሰዋስው ወደ «ነህው» ሲገባ ከሚቀራቸው የመጀመሪያ ኪታቦች አንዱ የፌዙ ሊቅ ኢብን አጁሩም የጻፈው አጁሩሚያ ነው። ሊቁ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1323 ነው። እዚያ «ካነ» እና እኅቶቿ የሚባል ክፍል አለ፤ «ካነ» የእኛ «ነበር» ማለት ናት። «ካነ የልበሱ» ሲባል «ይለብስ ነበር» ነው፤ «ካነ ላቢሰን» ሲባል ደግሞ «ለብሶ ነበር»። ዐረብኛው «ለቢሰ»፣ ግእዙ «ለብሰ»፣ አማርኛው «ለበሰ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸውና ደረሳው ልዩነቱን ለመረዳት ብዙ አይደክምም። እንግዲህ የወሎ ልጅ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ቢያድግ፣ በመልበስ ድርጊትና ለብሶ በመገኘት ሁኔታ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለይ የሰዋስው መሣሪያ በደጁ ነበረለት። የእንግሊዝኛው «ዋዝ ዌሪንግ» የሚጠይቀውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

አውሮፓ ራሷ የአማርኛን ሰዋስው የተማረችው ከዚሁ አካባቢ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ የቤተ አምሐራ፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ ላይ ከጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእኒህ ካህን አንደበት የተቀዱ ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉት በላቲን ስለነበር የእንግሊዝኛው ተራ እስኪደርስ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ኢዘንበርግ የተባለው ሚስዮናዊ በ1841 የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ። ባልደረባው ክራፕፍ በዚያው በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ወሎ ላይ በአካባቢው ሹም በአዳራ ቢሌ እጅ ወድቆ ተዘርፏል፤ ከወሎ የወጣው ነፍሱን ይዞ ነው፤ ሰዋስው የሚሰበስብበት ጊዜ አልነበረም።

እዚህ ላይ ወደ እንግሊዝኛው ዞር ማለት ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቻችን ይህን ቋንቋ ከጥንት እንዲሁ ተጠናቅቆ የተሰጠ አድርገው ያስቡታልና። «ዋዝ» የመጣው «ዌሳን» ከሚል ጥንታዊ ግሥ ነው፤ ትርጉሙ መኖር፣ መቆየት፣ መሰንበት። የእኛ «ነበር» ከግእዙ «ነበረ» የመጣ ነው፤ ተቀመጠ፣ ቆየ ማለት ነው፤ «መንበር» እና «ኑሮ» ከዚሁ ይወለዳሉ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ያለፈውን ሁኔታ ለመናገር ሁለቱም የመቆየትን ግሥ ይዘዋል። ይህን ለክፍል ተማሪ መንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ «ዋዝ»ንም ከባዕድ ምልክትነት አውጥቶ ቃል ያደርግለታል።

«አይኤንጂ»ውም ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊ ሰው «እያደነ ነበር» ለማለት «በአደን ላይ ነበር» ይል ነበር፤ ጋዜጦቻችን ዛሬ «በመገንባት ላይ ነበር» እንደሚሉት ማለት ነው። በሼክስፒር ዘመን ይህ ቅርጽ ገና የግድ አልሆነም፤ ዛሬ ያለ «አይኤንጂ» የማይነገረውን ያኔ በተራው ቅርጽ መናገር ይቻል ነበር። አጠቃቀሙ የተስፋፋው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ቤቱ እየተሠራ ነበር» የሚለውን በተደራጊ ቅርጽ፣ በ«ዋዝ ቢይንግ ቢልት»፣ መናገር የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ይህን አነጋገር ቋንቋ አበላሽ ብለው ያወገዙ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ነበሩ።

«ዌር» ራሱም ተለውጧል። በጥንቱ እንግሊዝኛ እንደ ማንኛውም መደበኛ ግሥ የሚረባ ነበር። በመካከለኛው ዘመን «ቤር» እና «ቴር» የሚባሉት ጎረቤቶቹ ወደ ራሳቸው ስበውት «ዌር፣ ዎር፣ ዎርን» ሆነ። ልጆቻችን በዜማ የሚሸመድዱት ይህ ሦስትዮሽ በጆሮ መመሳሰል የተወለደ ነው።

ትርጉሙ ደግሞ ከእኛ «ለበሰ» በአንድ በኩል ይሰፋል፣ በሌላ በኩል ይጠባል። ወሎ ውስጥ ልብስ እንደየአካሉ ግሥ አለው፤ ቀሚስ ይለበሳል፣ ጋቢ ይለበሳል ወይም ይደረባል፣ ሽርጥ ይሸረጣል፣ ሻሽ ይታሰራል፣ ጥምጣም ይጠመጠማል፣ ነጠላ ይጣፋል ወይም ይከናነቡታል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ መነጽርና ቀለበት ይደረጋሉ፣ ሽቶ ይቀቡታል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ «ዌር» ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ግሥ ይዞ የሚመጣ ልጅ ለአንዱ የእንግሊዝኛ ግሥ ደሀ ነው ሊባል አይገባም። በሌላ በኩል አማርኛ በአንዱ «ለበሰ» የሚያልፈውን እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የመልበሱ ድርጊት «ፑት ኦን» ነው፤ ለብሶ መታየቱ «ዌር»። «እየለበሰች ነበር» ማለት «ዋዝ ፑቲንግ ኦን» ነው። ሦስተኛም ትርጉም አለ፦ ማለቅ፣ መሳሳት፣ መበላት። የጫማ ሶል «ዋዝ ዌሪንግ ቲን» ሲባል እያለቀ ነበር ማለት ነው፤ እዚህ ላይ «እየ» በትክክል ይሠራል። አንዱ «ዋዝ ዌሪንግ» ስለ ልብሱ ባለቤት ሲናገር «ለብሶ ነበር» ይሆናል፤ ስለ ልብሱ ራሱ ሲናገር «እያለቀ ነበር» ይሆናል።

ነገሩ በዚህ ግሥ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ቅኝት አያስፈልገውም ነበር። ኩታበር ገበያ ዳር ያሉ አንድ ሽማግሌን ለማያውቃቸው ሰው ስንገልጽ፦ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ ግንብ ተደግፈው፣ ተቀምጠው ነበር እንላለን። አንድም «እየ» የለበትም። እንግሊዝኛው ግን አራቱንም «አይኤንጂ» ያለብሳቸዋል፤ «ዌሪንግ»፣ «ሆልዲንግ»፣ «ሊኒንግ»፣ «ሲቲንግ»። መቆም፣ መተኛት፣ መሸከም፣ መደበቅ፣ መንበርከክ ሁሉ እንዲህ ናቸው። አማርኛ የአካልን አኳኋን የሚያየው ከድርጊቱ ፍጻሜ ተነሥቶ ነው፤ ሰውዬው ተቀምጦ ጨርሷል፣ አሁን ያ ፍጻሜ ቆይቷል። እንግሊዝኛ የሚያየው ለጊዜው የሚቆይ ሁኔታ አድርጎ ነው። «ኖው» የሚባለው የማወቅ ግሥ «አይኤንጂ» የማይወደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕውቀት እንደ ጋቢ ማታ አይወልቅም። ሰው የሚገለጽበት የአማርኛ ትረካ ሁሉ በቦዝ የተሞላ ስለሆነ፣ ይህን ያልተነገረው ተማሪ ሰውን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ በሞከረ ቁጥር ይሰናከላል።

አሁን ታሪኩን ወደ ወሎው አምባ ወደ መቅደላ እንውሰደው። እንግሊዝኛ በወሎ ምድር ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው መጀመሪያ በእስረኞች አፍ ይመስለኛል። ቆንስል ካሜሮን፣ ሆርሙዝድ ራሳም፣ ዶክተር ብላንክ፣ ሌተናንት ፕሪዶ እ.ኤ.አ. ከ1866 ክረምት እስከ 1868 ሚያዝያ መቅደላ ላይ ታስረው ቆዩ። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ስለነበር ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የሚነጋገረው በዐረብኛ አስተርጓሚ በኩል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ቃል ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በሽሎን ተሻገረ፤ በዚያው ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው አረፉ። ጦሩ ሲመለስ ከዘረፈው ሀብት ውስጥ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እንግሊዝኛ ወደ ወሎ በመጣበት በዚያ ዘመን መቅደላ ላይ የተከማቸው የጽሕፈት ቅርስ በተቃራኒው መንገድ ወጣ።

ሁለት ልጆችም አብረው ወጡ። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ገብቶ በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞተ። ሌላው በሦስት ዓመቱ ገደማ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ የወደቀው ወርቅነህ እሸቴ ነው። ሕንድ አገር አደገ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ሐኪም ሆነ። አገሩን ሊፈልግ ሲመለስ የልጅነት አማርኛው ጠፍቶ ነበር፤ ዘመዶቹ ያወቁት በሰውነቱ ጠባሳ ነው። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን በጎልማሳነታቸው እንደ ባዕድ ቋንቋ ተማሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት በኃላፊነት ተሾሙ፤ በ1920 ዓ.ም. በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ሁለቱን ቋንቋዎች ከእሳቸው በላይ በየተራ ያጣና ያገኘ ሰው አላውቅም። በትምህርት ቤት ኃላፊነታቸው ዘመን ግን የዘመናዊ ትምህርት ዋና ልሳን ፈረንሳይኛ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትም በግብፃውያን መምህራን የሚመራ ሆኖ ከሁሉ የሚያይለው ፈረንሳይኛው ነበር። እንግሊዝኛ ገና ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

ደሴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ያገኘችው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት የሆኑት የወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራበት ትምህርት ቤት ዛሬም ቆሟል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ፤ ጸረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ቀይ መስቀል የተሰቀለበት የአሜሪካውያን ሆስፒታልም ተመታ። በቦታው ብዙ የውጭ ጋዜጠኞች ስለነበሩ የደሴ ስም በዚያ ሳምንት በእንግሊዝኛ ቴሌግራም ተሠራጨ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት የወረራ ዓመታት ለእንግሊዝኛ ቦታ አልነበረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ዳገት ከቀናት ውጊያ በኋላ ሰብሮ ደሴ ገባ፤ እንግሊዝኛም አብሮ ገባ።

የዛሬው ሥርዓት ሥሩ እዚህ ነው። ከ1933 በኋላ ፈረንሳይኛ ተገፍቶ እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሆነ። የኮተቤው ሁለተኛ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የጄኔራል ዊንጌት በ1946፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1950 ተከፈቱ። መጻሕፍቱ ከውጭ ይመጣሉ፤ መምህራኑ እንግሊዛውያን፣ ካናዳውያን፣ በኋላም በብዛት ሕንዶች ናቸው። ሕንዶቹ መምህራን ብዙ ትውልድ በትዕግሥት አስተምረዋል፤ ውለታቸው ሊረሳ አይገባም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ከ270 በላይ የሚሆኑ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ደረሱ፤ ከተመደቡባቸው ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በአገልግሎት ዘመናቸው ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ለማስተማር ወጡ።

እነዚህ ሁሉ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ከውጭ የመጡት ግን የተማሪውን ቋንቋ በበቂ አያውቁም ነበር። አሜሪካዊቷ መምህርት ስታስተምር ተማሪው «ዋዝ ዌሪንግ»ን በልቡ ወደ «እየለበሰ ነበር» ቢመልሰው የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ልጁ ዐረፍተ ነገሩን በቅርጹ አስተካክሎ ስለሚጽፍ «ራይት» ይደረግለታል። አማርኛ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ መምህር ሲተካ ደግሞ በክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር ነውር ሆኖ ነበር። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር የዘመኑ ምርጥ ዘዴ ተብሎ ስለተወሰደ፣ አማርኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪዎች ያስታውሳሉ። የሚያውቀው እንዳይናገር፣ የሚናገረው እንዳያውቅ የተደረገበት ዘመን ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያሳዝነው፣ በአገር ውስጥ ዕውቀቱ መኖሩ ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1935 ዓ.ም. ጽፈዋል። አምሳሉ አክሊሉና ሞዝባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ቮልፍ ሌስላውም ቃላትን በዐረፍተ ነገር የሚያስረዳውን መዝገበ ቃላቱን በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አወጡ። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. የአማርኛን ግሥ በዘመናዊ የቋንቋ ጥናት ተነተኑት። ይህ ሁሉ ሥራ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አልተሻገረም። በደርግ ዘመን «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» ወጣ፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» ተተካ፤ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት የሚተላለፍበት የፕላዝማ ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃው ተሰቀለ፤ የፕላዝማው መምህር እየተናገረ ያልፍ ነበር፣ ማንም አያስቆመውም ነበር። በመጻሕፍቱ ውስጥ ስሞቹ የኛ ሆነዋል፣ ሥዕሎቹ የኛ ሆነዋል። ንጽጽሩ ግን አልገባም።

ወሎ በእንግሊዝኛ ዓለም የታወቀችበትን ነገር ሳያነሱ ይህን ታሪክ መጨረስ አይቻልም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው የወሎ ረሃብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዜና ዓለምን አናወጠ። በእንግሊዝኛ ሰዎች «ወር ዳይንግ» ሲባል እየሞቱ ነበር ማለት ነው፤ ግን ቅርጹ ሞቱ ገና አልተፈጸመም፣ መድረስ ይቻላል የሚል ነገር በውስጡ አለው። «ዳይድ» ቢባል ለቅሶ ይሆናል፤ «ወር ዳይንግ» ሲባል ጥሪ ነው። በ1966 ጥሪው ሲሰማ ለአያሌ ሺዎች ግሡ ወደ ተፈጸመው ቅርጽ ተለውጦ ነበር። ሰዋስው የሰው ሕይወት የሚመዘንበት ሰዓት አለ የምለው ስለዚህ ነው።

ዛሬም እንዲህ ያለ ሰዓት አለ። ከደቡብ ወሎ የሚሰደደው ወጣት ብዙው ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ነው የሚሄደው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ዐረብኛ ነው። ከመካከላቸው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ደርሶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ግን ታሪኩን በአስተርጓሚ በኩል ለእንግሊዝኛ መዝገብ ይሰጣል። «ሊይዙኝ ነበር» ያለው ሰው ለጥቂት እንዳመለጠ ተናግሯል። «ይዘውኝ ነበር» ያለው ታስሮ እንደተፈታ ተናግሯል። «ይይዙኝ ነበር» ያለው በየጊዜው ይታሠር እንደነበር ተናግሯል። ሦስቱንም በአንድ «ወር አሬስቲንግ» ጠቅልሎ የሚያልፍ አስተርጓሚ አንድን ሰው ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል፤ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሌላ አስተርጓሚ ተገኝቶ በትክክል ቢመልሰው ደግሞ ታሪኩ ተለዋወጠ ይባላል። «ምን ለብሶ ነበር?» የሚለው የመርማሪ ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ መልሱ በ«ሃድ ዎርን» ከተጻፈ፣ ምስክሩ ተጠርጣሪው በታየበት ሰዓት የለበሰውን ሳይሆን ቀድሞ ለብሶ ያወለቀውን ልብስ የሚናገር ይመስላል።

የሥነ ጽሑፍ ተርጓሚዎቻችን ይህን ችግር በጆሯቸው ሲፈቱት ኖረዋል። ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የመለሰው የአሜሪካ ልቦለድ ልብሷን የምታሳምር ሴት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው በየገጹ በ«ለብሳ ነበር» እና በ«እየለበሰች ነበር» መካከል መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም ሴትዮዋን በዓይነ ሕሊናው አይቶ ነው። ተማሪዎቻችንም መጀመሪያ እንዲያዩ፣ ቀመሩን ከዚያ በኋላ እንዲፈልጉ ብናስለምዳቸው ይህን ማድረግ ይችላሉ።

ልዩነቱን አለማየት በፈተናም ያስከፍላል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በእንግሊዝኛ ነው የሚቀርበው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በ2015 ሲገለጽ ከ896 ሺህ በላይ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በተለይ ለእኛ አካባቢ ልጆች፣ በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ኩታበርን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎባቸዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ግን የፊዚክስ ጥያቄ ገብቶት መልሱን የሚያውቅ ልጅ፣ ኳሱ «ዋዝ ሮሊንግ» ይሁን «ሃድ ሮልድ» ሳይለይ ቀርቶ ቢሳሳት፣ ያጣው ፊዚክሱን አይደለም።

ለኩታበር መምህራን የማቀርበው ሐሳብ አዲስ መጽሐፍ አይጠይቅም። ክፍሉ «ፓስት ኮንቲኒየስ» ላይ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ አራት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ፦ ጋቢ ለበሰ፤ ጋቢ ይለብስ ነበር፤ ጋቢ ለብሶ ነበር፤ ጋቢ እየለበሰ ነበር። ተማሪዎቹ በእያንዳንዱ ጊዜ ጋቢው የት እንዳለ ይንገሩ፤ ትከሻ ላይ ነው፣ እጅ ላይ ነው፣ ወይስ የድሮ ልማድ ነው? ቅኔ ቤት የቆየ ካለ ቦዙን ያሳይ፤ ነህው የቀራች ካለች «ካነ ላቢሰን»ን ትጻፍ። «ፑት ኦን»፣ «ዩዝድ ቱ ዌር»፣ «ዋዝ ዌሪንግ» እና «ዋዝ ፑቲንግ ኦን» ከዚያ በኋላ በየቦታቸው ይግቡ። በሚቀጥለው ቀን ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ተኛ፣ ያዘ፣ ተሸከመ በዚያው መንገድ ይታዩ፤ ሮጠ፣ ጻፈ፣ ዘፈነ ለሦስተኛው ቀን ይቆዩ፣ እነሱ ላይ ቀመሩ ራሱ ይበቃልና።